በሳምንት አምስት ደቂቃ

ሲወለድ ትንፋሽ ላጣ ሕፃን አዋላጇ ያላት ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። በዚያች ደቂቃ አድርቃው፣ ጀርባውን አሽታ፣ ካልተነፈሰም ማስኩን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት (አምቡ ባግ) አየር መስጠት መጀመር አለባት። ቅደም ተከተሉ ከመጽሐፍ ይገኛል፤ የእጅ ቅልጥፍናው ግን ከመጽሐፍ አይገኝም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን የማስተንፈስ ሥልጠና ኒዮናታሊ በተባለች አሻንጉሊት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። ለብ ያለ ውኃ ሲሞላባት ክንድ ላይ እንደ ጨቅላ ትከብዳለች። አሠልጣኙ አንዱን ፊኛ ሲጨምቅ ታለቅሳለች፣ ሌላውን ሲጨምቅ እትብቷ ይመታል። ማስኩ ዳርና ዳሩ አየር ካስወጣ ደረቷ አይነሣም፤ ሠልጣኟም ስሕተቷን ማንም ሳይነግራት ታየዋለች።

መሣሪያው ስለተገኘ ብቻ ግን ትምህርቱ ሥር አይሰድም። በሰሜን ታንዛኒያ የሚገኘው የሃይዶም ሆስፒታል ሠራተኞች በ2010 የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። ከሰባት ወር በኋላ ሲፈተኑ በአሻንጉሊቷ ላይ ከቀድሞው የተሻለ ሠሩ፤ በማዋለጃ ክፍል ግን አሠራራቸው ያው የቀድሞው ነበር። ሆስፒታሉ ከዚያ ልምምዱን ወደ ሥራ ቦታው አመጣው፤ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በየወሩ ደግሞ 40 ደቂቃ። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። አሻንጉሊቷ ያችው ናት፤ የተለወጠው የልምምዱ ድግግሞሽና ቦታ ነው።

ይህን ያሳየው የሃይዶም ጥናት የፊቱን ከኋላው ያነጻጸረ ብቻ ስለሆነ ለውጡን ሁሉ ለልምምዱ መስጠት አይቻልም፤ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም ሥልጠናው ብቻውን ሲሰጥ ያልታየው ውጤት ድግግሞሹ ሲታከልበት መታየቱ ቀላል ማስረጃ አይደለም። አሻንጉሊት ደም አይፈሳትም፣ አጠገቧም የምትጮኽ እናት የለችም የሚሉም አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሰው በድንጋጤ ጊዜ የሚሠራው እጁ የለመደውን ነው፤ መጀመሪያ የሚለምደው ደግሞ ስሕተቱ ሕይወት በማያስከፍልበት ቦታ መሆን ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ የ2019 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ለሥልጠና የሚወጣው ገንዘብ ለአዳራሽና ለአበል ብቻ ከዋለ፣ አሻንጉሊቷም እንዳትበላሽ ተብሎ ዕቃ ቤት ከተቆለፈባት፣ የሃይዶምን የመጀመሪያ ዓመት እንደግማለን። ከዚህ ይልቅ ማዋለጃው አጠገብ ትቀመጥ፤ ተረኞች ሲቀያየሩም የክፍሉ አስተባባሪ ሁለት ሁለት እያደረገች ታለማምዳቸው። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ አምስቱ ደቂቃ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠር ግን የተቋሙን ኃላፊ ፈቃድ ይጠይቃል።