ከሹመት ዘመን የሚሻገር አደራ

የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራት የሆኑት የሮታሪ ክለቦች ፕሬዚዳንቶች በመላው ዓለም በየዓመቱ ጁላይ 1፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 24 ቀን፣ ወንበሩን ለተተኪዎቻቸው ይለቃሉ። ይህ ሥርዓት ክለቡ የአንድ ሰው ርስት እንዳይሆን የሚጠብቅ በመሆኑ የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም ሥራው ሁለትና ሦስት ዓመት የሚፈጅ የሰብአዊ ድጋፍ ገንዘብ በክለቡ እጅ በገባ ጊዜ፣ ማመልከቻውን ያዘጋጀው፣ ክፍያውን ያዘዘውና የመጨረሻውን ሪፖርት የሚያቀርበው ሦስት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ያው ሥርዓት የአደጋ ምንጭ ይሆናል። ስለ ድጋፍ ገንዘብ ሲነገር ቀድሞ የሚነሳው ስርቆት ነው፤ በበጎ ፈቃደኞች ክለብ ውስጥ ግን ከስርቆት ባልተናነሰ ሊያሳስብ የሚገባው ያልተሟላ ርክክብ ነው።

የገንዘቡ ምንጭ የሮታሪ ፋውንዴሽን ነው። የፋውንዴሽኑን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1917 በአትላንታ ጉባኤ ያቀረቡት የወቅቱ የሮታሪ ፕሬዚዳንት አርች ክላምፍ ሲሆኑ፣ በተከታዩ ዓመት ከካንሳስ ሲቲ ክለብ የገባው የመጀመሪያ መዋጮ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር። ዛሬ አባላት ለዓመታዊው ፈንድ የሚያዋጡት ገንዘብ ሦስት ዓመት በኢንቨስትመንት ከቆየ በኋላ ግማሽ ያህሉ ወደ ዲስትሪክቱ፣ ማለትም የአንድን አካባቢ ክለቦች ወደሚያሰባስበው አካል፣ ይመለሳል። ከፍ ያሉ ፕሮጀክቶች የሚካሄዱት በጀቱ ከ30,000 ዶላር በማያንሰው «ግሎባል ግራንት» ሲሆን፣ ለዚህም ሥራው በሚከናወንበት አገር የሚገኝ አስተናጋጅ ክለብና በሌላ አገር የሚገኝ አጋር ክለብ ኃላፊነቱን በጋራ ይወስዳሉ። ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት ሮታሪ በገባባት ኢትዮጵያ የሚሠራ አንድ ክለብ አጋሩን አሜሪካ ውስጥ ቢያገኝ፣ ገንዘቡን የሰጡት ሰዎች ሥራውን የሚያዩት በአመዛኙ በሰነድ ብቻ ይሆናል።

ለዚህም ነው ፋውንዴሽኑ ገንዘብ ከመልቀቁ በፊት ክለቡን ብቁነት የሚጠይቀው። ክለቡ ቢያንስ አንድ አባሉን ወደ ድጋፍ አስተዳደር ሥልጠና ይልካል፤ የመግባቢያ ሰነድም ይፈርማል። ሰነዱ ድጋፉ ከክለቡ መደበኛ ሒሳብ ጋር እንዳይቀላቀል፣ ክፍያም በሁለት ፈራሚዎች እንዲፈጸም፣ ደረሰኞችና ውሎች ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንዲቀመጡ ያስገድዳል። አምስት ዓመት ማለት አምስት ፕሬዚዳንት ማለት ነው። ስለዚህ ደረሰኞቹና ውሎቹ በአንድ ገንዘብ ያዥ መሳቢያ ወይም በግል ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቀመጡ፣ ሰውየው ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ በሄደ ማግስት ክለቡ የራሱን ሥራ ማስረዳት ይሳነዋል።

ሁለተኛው ፈተና ወዳጅነት ነው። የክለብ አባላት በየሳምንቱ አብረው የሚመገቡ፣ በለቅሶና በሠርግ የማይለያዩ ሰዎች በመሆናቸው፣ አንዱ ሌላውን «ፕሮፎርማው የት አለ?» ብሎ መጠየቁ እንደ ጥርጣሬ ይቆጠራል። ለምሳሌ ለአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ የውኃ ፓምፕ ሲገዛ፣ አንዱ አባል አስመጪ ቢሆንና ከሦስት ፕሮፎርማዎች አንዱ የእሱ ቢሆን፣ ዋጋው እውነትም ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። ይህ የጥቅም ግጭት ነው፤ ማለትም ውሳኔ ሰጪው ከውሳኔው ራሱ የሚጠቀምበት ሁኔታ ነው። መፍትሔው አባሉን ማባረር ሳይሆን ግንኙነቱን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ በውሳኔው ሰዓት ከስብሰባው መውጣትና ይህንኑ በቃለ ጉባኤ ማስፈር ነው። በዕድር ሒሳብ ሲነበብና ሲመረመር ገንዘብ ያዡ እንደተናቀ አይቆጥረውም፤ በክለቡም ይኸው ልማድ ሊሰፍን ይገባል።

የምንዛሪ ጉዳይ በኢትዮጵያ የተለየ ክብደት አለው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀን በፊት ገንዘቡን ወደ ብር የለወጠ ክለብ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የመግዛት አቅሙ ሲዳከም፣ ዶላሩ ዘግይቶ የደረሰለት ደግሞ በበጀቱ ያልነበረ ብር በእጁ ያገኛል። ይህ ትርፍ የክለቡ አይደለም፤ ሌላ ችግረኛ ተቋም ደጃፉ ላይ ቢኖር እንኳ ፋውንዴሽኑ ሳይፈቅድ ወደዚያ ሊዛወር አይችልም። ጥቂቶች ይህን የቢሮክራሲ ግትርነት አድርገው ያዩታል፤ ነገር ግን ለጋሹ የሰጠው ለተነገረው ዓላማ እንጂ ለክለቡ በጎ ሐሳብ ሁሉ አለመሆኑን ማክበር ተገቢ ነው።

ሪፖርት የመጀመሪያው ክፍያ ከተለቀቀ በ12 ወራት ውስጥ፣ ከዚያም በየ12 ወሩ፣ የመጨረሻው ደግሞ ሥራው በተጠናቀቀ በሁለት ወር ውስጥ ይቀርባል። ስለዚህ በሰኔ የሚደረገው ርክክብ የፕሬዚዳንቱን የአንገት ሐብልና የስብሰባ መዶሻ ከመቀባበል በላይ ሊሆን ይገባዋል፤ አዲሱ ፕሬዚዳንት የባንክ ፈራሚዎችን ለውጥ፣ ያልተወራረደ ክፍያ ዝርዝር፣ የአጋር ክለቡን አድራሻና ቀጣዩ ሪፖርት የሚደርስበትን ቀን በጽሑፍ ተረክቦ መፈረም አለበት። የሪፖርቱ ቀን ካለፈበት ክለብ ፋውንዴሽኑ አዲስ ማመልከቻ አይቀበልም፤ በዚህ ሳቢያ የሚጎዳውም ቸል ያለው ሹም ሳይሆን ተራውን ሲጠብቅ የነበረው ሌላው ጤና ጣቢያ ነው።