የተላከው ቶከን ወዴት ሄደ?

አንድ ጀማሪ በጃቫስክሪፕት ቋንቋ በጻፈው ፕሮግራም 5 ቶከን ወደ ጓደኛው ላከ እንበል፡፡ ኮምፒውተሩ አንዳች ስሕተት አላመለከተም፤ ኢቴሪየም በተባለው የብሎክቼይን መረብ ላይም ዝውውሩ እንደተሳካ ተመዝግቧል፡፡ የጓደኛው ሂሳብ ግን ባዶ ይመስላል፡፡ ለመሆኑ ቶከኑ ወዴት ሄደ?

ምስጢሩ ያለው በቁጥሩ ውስጥ ነው፡፡ በ2015 እ.ኤ.አ. የቀረበውና ብዙዎቹ የኢቴሪየም ቶከኖች የሚከተሉት ኢአርሲ-20 የተሰኘው ደንብ ክፍልፋይ አይቀበልም፤ መጠን ሁሉ የሚገለጸው በቶከኑ የመጨረሻ ትንሽ መስፈሪያ ነው፡፡ 1 ብር በ100 ሳንቲም እንደሚመነዘር ሁሉ፣ 1 ቶከን በአብዛኛው 1 ተጽፎ 18 ዜሮ በሚከተለው ቁጥር ይመነዘራል፡፡ ስለዚህ ጀማሪው «5» ብሎ ሲጽፍ፣ አምስት ብር የላከ መስሎት አምስት ሳንቲም እንደላከ ሰው ሆኗል፤ የእርሱ ሳንቲም ግን በዓይን የማትታይ ናት፡፡

ታዲያ ቁጥሩን ማባዛት ብቻ ይበቃልን? አይበቃም፡፡ የጃቫስክሪፕት መደበኛ ቁጥር በ64 ቢት የሚቀመጥ በመሆኑ፣ ሙሉ ቁጥሮችን ያለ ስጋት የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ነው፡፡ 9,007,199,254,740,993 ብለን ብንጽፍ የመጨረሻው 3 በዝምታ ወደ 2 ይለወጣል፡፡ የአንድ ቶከን አንድ መቶኛ እንኳ በትንሹ መስፈሪያ ሲሰላ ከዚህ ጣሪያ ያልፋል፡፡

መፍትሔው በ2020 እ.ኤ.አ. የቋንቋው ደንብ አካል የሆነው ቢግኢንት የተባለው የቁጥር ዓይነት ነው፡፡ መጠኑን እንደ ጽሑፍ ተቀብሎ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ መሣሪያ ወደ ቢግኢንት መለወጥ ይገባል፡፡ የዜሮዎቹን ብዛትም ከቶከኑ ኮንትራት ራሱ መጠየቅ እንጂ መገመት አይበጅም፡፡ ለምሳሌ ዩኤስዲሲ 6 ብቻ አለው፤ 18 ነው ብሎ የገመተ ሰው ከፈለገው ትሪሊዮን እጥፍ ያዛል፡፡

ሁለተኛው እንቅፋት ክፍያው ነው፡፡ በኢቴሪየም የማስተላለፊያ ዋጋ፣ ማለትም ጋዝ፣ በመደበኛው አሠራር የሚከፈለው በቶከኑ ሳይሆን በኢተር ነው፡፡ ሂሳቡ ውስጥ ኢተር የሌለው ሰው ቶከን ቢኖረውም መላክ ይሳነዋል፡፡ መረቡ ላይ ደርሶ የከሸፈ ዝውውርም ክፍያውን አይመልስም፡፡

ሦስተኛው ችኮላ ነው፡፡ ከአንድ ሂሳብ የሚወጡ ዝውውሮች ተራ ቁጥር አላቸው፤ አንዱ በአነስተኛ ክፍያ ምክንያት ከዘገየ የኋለኞቹ ሁሉ ይጠብቁታል፡፡ ዘገየ ብሎ በአዲስ ተራ ቁጥር ደግሞ የላከ ሰው፣ ሁለቱም ሲያልፉለት ሁለት ጊዜ መክፈሉን ያያል፡፡

ውድ አንባቢ፣ በዚህ መረብ ላይ የተሳሳተ ዝውውርን የሚሽር ባንክ የለም፡፡ እንግዲህ ዳግመኛ ከመላክ በፊት ደረሰኙን ማንበብ፣ የመጀመሪያውንም ልምምድ ዋጋ የሌለው ቶከን በሚዘዋወርበት የሙከራ መረብ ላይ ማድረግ ብልህነት ነው፡፡