የቀርከሃው ጦጣና የባልቲኩ ወፍ

በቻይና ተራሮች የሚኖረው ፓንዳ፣ ከሥጋ በል እንስሳት ወገን ሆኖ ሳለ ቀርከሃ በመመገቡ በዓለም ሁሉ የታወቀ ድብ ነው፤ ከሆሳዕና በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ በሚገኙት የባሌና የሲዳማ ደጋዎች ተመሳሳይ መንገድ የያዘ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይኖር ጦጣ መኖሩን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

የባሌ ጦጣ ፍሬም እህልም ነፍሳትም ሳይመርጥ ለሚበላው ተራ ጦጣ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም፣ በኦዶቡሉ ደን ተካሂዶ በ2010 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ከምግቡ 77 በመቶ ያህሉ የደጋ ቀርከሃ፣ በተለይም ለጋ ቅጠሉ፣ መሆኑን አሳይቷል። ምግቡ ከደጁ ስለማይጠፋ በቀን በአማካይ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ተጉዞ ይጠግባል። ቀርከሃው በተመነጠረባቸውና ተቆራርጠው በቀሩ ደኖች ውስጥ ግን ጦጣው ወደ ሌሎች ተክሎች፣ አልፎም ወደ ገበሬው ማሳ ዞሯል፤ ፓንዳ ያላገኘውን መውጫ አግኝቷል ማለት ነው፣ ምንም እንኳ ዋጋው ከሰው ጋር መጋጨት ቢሆን።

ከደጁ የማይርቀው የዚህ ጦጣ ፍጹም ተቃራኒ ከፊንላንድና ከባልቲክ ባሕር ዳርቻዎች ተነሥቶ፣ የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርደው ጀርባው ጥቁር የባሕር ወፍ ነው፤ የዚህ ወፍ ወገኖች በአውሮፓ ክረምት ወራት በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ይታያሉ። ዕድሜው ከ30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል፣ ለመራባት ግን አራት ዓመት ገደማ ይቆያል፤ በአንድ ወቅት የሚጥለውም ሦስት ያህል እንቁላል ነው። እንዲህ ያለ ወፍ ክንፍ ስላለው ከጦጣው ይልቅ ከአደጋ የራቀ ቢመስልም፣ በየማረፊያው የሚደርሰው ጉዳት ሁሉ በአንድ አካል ላይ ስለሚጠራቀም ነጻነቱ ከሚታሰበው በእጅጉ ያነሰ ነው።

ለዚህ ማስረጃው ዲዲቲ ነው። ይህ ፀረ ተባይ ሲፈርስ የሚተወው ቅሪት በስብ ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ ከእናት ወደ እንቁላል ይተላለፋል፤ የፊንላንድ ተመራማሪዎችም በባልቲክ የሚሞቱት ጫጩቶች መርዙን የወረሱት ወላጆቻቸው በአፍሪካ ሳሉ ከተመገቡት ሊሆን እንደሚችል ጠርጥረዋል። በኢትዮጵያ ዲዲቲ ለወባ መከላከያ ለአሥርት ዓመታት ሲረጭ የኖረ ሲሆን፣ ቅሪቱ በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ተገኝቷል። ከሐዲያና ከከምባታ ደጋዎች የሚወርደው ውኃም፣ ከማሳው አፈርና ከተረጨበት ሁሉ ጋር፣ በብላቴ ወንዝ በኩል ወደ ሌላው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ፣ ወደ አባያ፣ ይገባል፤ በሻሾጎ ወረዳ የሚገኘው የቦዮ ረግረግም የዚሁ ተፋሰስ አካል ነው።