አንድ ግራም ከመቶ ኪሎ ሜትር ኩብ አየር

ክብረ መንግሥት የወርቅ አገር ናት። ወርቅ ገዢው ሚዛኑን ሲያነብ አጠገቡ የቆመ ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ የግራም መቶኛ እንኳ ገንዘብ ነውና። ከሻኪሶና ከለገ ደምቢ በኩል የሚወጣው ድንጋይ ጥሩ የተባለው ቢሆን በአንድ ቶን ውስጥ ከጥቂት ግራም የበለጠ ወርቅ አይገኝበትም። የዚህ አገር ሰው ትንሽን ከብዙ ውስጥ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ አስተማሪ አያሻውም።

እስቲ የሚበጠረው አፈር ሳይሆን አየር፣ የሚፈለገውም ወርቅ ሳይሆን የወባ ትንኝ ማጥፊያው ዲዲቲ ነው እንበል። ከርጭት ቦታ ርቆ በሚለካ አየር ውስጥ ዲዲቲ የሚቆጠረው በፒኮግራም ነው፤ አንድ ፒኮግራም የግራም አንድ ትሪሊዮንኛ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 10 ፒኮግራም ቢኖር፣ አንድ ግራም ለማጠራቀም ስንት አየር ያስፈልጋል? 100 ኪሎ ሜትር ኩብ። ከተማዋን መሀል አድርጎ ወርዱም ርዝመቱም 10 ኪሎ ሜትር የሆነ መሬት ይታጠር፤ ከዚያ በላይ እስከ 1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው አየር በሙሉ በወንፊት ይለፍ። ክብደቱ ወደ 100 ሚሊዮን ቶን ይጠጋል። በዚህ ሂሳብ የለገ ደምቢ ድንጋይ በወርቅ የበለጸገው፣ አየሩ በዲዲቲ ከበለጸገው ከመቶ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ነው።

«ታዲያ ይኼ ምን ያስፈራል?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገሩ ያለው ግን ግራሟ ውስጥ ነው። አንድ ግራም ዲዲቲ ተቆጥሮ ቢታይ 17 ተብሎ ከኋላው 20 ዜሮ የሚደረደርለት የሞለኪውል ብዛት አለው። በምድር ላይ ላለ ሰው ሁሉ እኩል ይከፋፈል ቢባል ለእያንዳንዱ 200 ቢሊዮን ያህል ይደርሰዋል። በሚዛን የማይታይ ነገር በቁጥር ግን ለዓለም ይበቃል።

ይህ መድኃኒት ለደቡብ ቆላ እንግዳ አይደለም። ከአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያልሞላው ሁሉ የወባ ምድር ነው፤ ክብረ መንግሥትም ነጌሌም እዚያው ውስጥ ናቸው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1959 ከተቋቋመ በኋላ በወባማው አገር ዲዲቲ የቤት ውስጥ ርጭት ዋናው መሣሪያ ሆኖ ኖረ፤ ትንኟ ስለለመደችው እ.ኤ.አ. በ2009 በሌላ እስኪተካ ድረስ። ርጭቱን ያየ ያስታውሰዋል፦ ዕቃው ሁሉ ደጅ ይወጣል፣ እንስራው ይከደናል፣ ረጪው ፓምፑን በትከሻው አንግቶ ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች በመስመር ያዳርሰዋል። ሲደርቅ በጭቃው ላይ ነጣ ያለ ዱቄት ይቀራል። እንግዲህ ዱቄቱ አስቀያሚ ነውና ብዙ ሴቶች ሳምንት ሳይሞላው ግድግዳውን መልሰው በእበት ይለቀልቁት ነበር። ለትንኟ የተዘጋጀው መርዝ ከልቅላቂው ሥር ይቀበራል፤ የባለሙያዎቹ ራስ ምታት ይኸው ነበር።

የርጭቱ መጠን በአንድ ሜትር ካሬ እስከ 2 ግራም ነው። 80 ሜትር ካሬ ግድግዳ ላለው ጎጆ 160 ግራም ይሆናል፤ የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። አሁን ይህ የአንድ ጎጆ ዲዲቲ በሙሉ ተንኖ በዓለም አየር ላይ እኩል ቢበተን ብለን እናስላ። የምድር ከባቢ አየር በባሕር ወለል ጥግግት ተለክቶ 4 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ኩብ ያህል ነው። ሲካፈል በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ከ60,000 የማያንስ ሞለኪውል ይደርሳል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚስበው ግማሽ ሊትር ስለሆነ፣ ቶኪዮም ይሁን ያቤሎ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ 30 የሚሆኑ የዚያች ጎጆ ሞለኪውሎች ይገባሉ። ከአንድ ጎጆ!

በእርግጥ ይህ ወረቀት ላይ ብቻ የሚሆን ነገር ነው። አንደኛ፣ ዲዲቲ ለመትነን እጅግ ሰነፍ ነው፤ በ25 ዲግሪ ሙቀት የውሃ የትነት ግፊት ከእሱ ከመቶ ሚሊዮን እጥፍ በላይ ይበልጣል። ሁለተኛ፣ አየር ላይ የሚጠብቀው አለ። የፀሐይ ብርሃን ሃይድሮክሲል የሚባል ነገር ይፈጥራል፤ ከ25 ትሪሊዮን የአየር ሞለኪውሎች መካከል አንዱ ቢሆን ነው፣ ዕድሜውም ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም። ያም ሆኖ በአየር ላይ ያገኘውን ዲዲቲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግማሹን ይጨርሰዋል።

ታዲያ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ነገር ዋልታ ድረስ እንዴት ይሄዳል? አንድ ጊዜ በረጅሙ ስለማይሄድ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይነሳል፣ ሲበርድ አፈር ላይ፣ ቅጠል ላይ፣ ውሃ ላይ ያርፋል፤ እዚያ ሃይድሮክሲል አያገኘውም። አፈር ውስጥ ግማሹ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይፈጃል። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ይነሳል። ሳይንቲስቶች የአንበጣ ዝላይ ይሉታል፤ አንበጣ ምን እንደሆነ ለቦረና መንገር አያስፈልግም።

አንዱ ዝላይ ግን ትንሽ አይደለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቦረናዎች አዶሌሳ በሚሉት ደረቅ ወቅት፣ ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ ምድር ወገብን የሚሻገር ብርቱ ነፋስ በኬንያና በሶማሊያ ላይ አልፎ ወደ ዓረብ ባሕር ይታጠፋል። በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢጓዝ በቀን 1,300 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። በዚህ ፍጥነት ከነጌሌ ሙምባይ የሦስት ቀን መንገድ ነው። ቦና በሚሉት በበጋው ወራት ነፋሱ ዞሮ ከዚያ ወደዚህ ይነፍሳል፤ ሕንድ ደግሞ በዓመት ከ3,000 ቶን በላይ ዲዲቲ የረጨችበት ዘመን ሩቅ አይደለም።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ግን ሙምባይ አይደለም፤ ባሌ ነው። ገናሌና ዳዋ የሚገናኙበት ዶሎ ከባሕር ጠለል 300 ሜትር አይሞላም። በባሌ የሳነቲ አምባ ላይ ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ነው። በአየር መስመር መካከላቸው 400 ኪሎ ሜትር አይደርስም፤ የሙቀት ልዩነታቸው ግን ወደ 26 ዲግሪ ይጠጋል። ያንን ያህል ለመቀዝቀዝ በሜዳ በሜዳ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ሄልሲንኪ አካባቢ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው የሚደርሰው። በ26 ዲግሪ ቅዝቃዜ የዲዲቲ የትነት ግፊት ከ20 እጥፍ በላይ ይወርዳል። ተራራ ላይ የወጣ ሞለኪውል እዚያው ይታሰራል ማለት ነው። በምዕራብ ካናዳ ተራሮች በረዶ ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት፣ ከ770 ወደ 3,100 ሜትር ሲወጣ የዚህ ዓይነት መርዞች መጠን ከ10 እስከ 100 እጥፍ እንደሚጨምር አሳይቷል። የዋልታ ጉዞ ለእኛ ቆላና ደጋ መሀል ያለ መንገድ ነው።

የፊንላንዷን ሄልሲንኪ ካነሳሁ አይቀር፦ አገራችን ለዓመታት ያከማቸችው ጊዜው ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ 3,000 ቶን ገደማ ይገመት ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ 1,500 ቶን ያህሉ በልዩ በርሜል ታሽጎ፣ በመርከብ ተጭኖ፣ ከሄልሲንኪ በስተሰሜን ባለችው ሪሂማኪ ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት ተቃጠለ። ዶላር፣ ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ዓመታት። አየር ይዞት ወደ ቀዝቃዛው አገር የሚሄደውን ግን የሚጠይቀው የለም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤሪክ ደዋይ የተባለ የካናዳ ሐኪም የደቡብ ኩቤክ እናቶችን የጡት ወተት የሚያነጻጽርበት ንጹሕ ወተት ፈልጎ ወደ በረዶው አገር፣ ወደ ኢኑዊት እናቶች ሄደ። ፒሲቢ የተባለው የዲዲቲ ዘመድ በእነሱ ወተት ውስጥ 5 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ፋብሪካ የሌላቸው፣ የአቆስጣና የዓሣ ነባሪ ስብ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። እነዚህ መርዞች ውሃ አይወዱም፣ ስብ ውስጥ ነው የሚሸሸጉት፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ በተበላ ቁጥር እየበረቱ ይሄዳሉ።

አንታርክቲካ ላይ ዲዲቲ ረጭቶ ወባ ያጠፋ የለም። የፔንግዊን ስብ ውስጥ ግን ገና በ1966 እ.ኤ.አ. ተገኝቷል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ በምዕራብ አንታርክቲካ የሚቀልጠው በረዶ በየዓመቱ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ግራም ዲዲቲ ወደ ባሕር እንደሚለቅ አስልቷል። በእኛ ጎጆ ሲቆጠር ከ6 እስከ 25 ቤት ነው፤ የአንድ ቀበሌ አንድ መንደር እንኳ አይሞላም።

በቀሪው ሂሳብ እንጨርስ። በ2009 እ.ኤ.አ. ለመጨረሻ ጊዜ የተረጨች ጎጆ ፈርሳ 160ው ግራም አፈር ውስጥ ገብቷል እንበል። ግማሹ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ረጅሙን ጊዜ፣ 15 ዓመትን ብንወስድ፣ በ2024 80 ግራም፣ በ2039 40 ግራም፣ በ2054 20 ግራም ይቀራል። ሃያ ግራም ማለት 34 ተብሎ ከኋላው 21 ዜሮ ነው።