ቦዩን ራሳቸው የቆፈሩ መንደሮች

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በላንካሸር፣ የሉን ወንዝን ተከትለው የተቀመጡ ትንንሽ መንደሮች አሉ። ማሳው በድንጋይ ካብ የተከፋፈለ፣ ቤቱ ከቤት የተራራቀ፣ ከሰው በግ የሚበዛበት አገር ነው። ላንካስተር ከተማና ዩኒቨርሲቲዋ ግን እዚያው አጠገብ ናቸው። ይህም ሆኖ እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመንደሮቹ ሰዎች ኢንተርኔት ስሙ እንጂ አገልግሎቱ አልነበራቸውም። ቪዲዮ ይቅርና ዓባሪ ያለው ኢሜይል መላክ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ዛሬ እዚያው ኮረብታ ላይ፣ ከበጎች በረት ጎን ባለ የእርሻ ቤት፣ በሰከንድ 1 ጊጋ ቢት ይገባል፤ ያንኑ ያህልም ይወጣል። መስመሩን የዘረጋው ቴሌ አይደለም። ገበሬዎች፣ ጡረተኞች፣ መምህራንና የቤት እመቤቶች ናቸው፤ አካፋና ትራክተር ይዘው።

ማኅበራቸው ብሮድባንድ ፎር ዘ ሩራል ኖርዝ ይባላል፤ በአጭሩ ባርን ይሉታል። በ2011 የተቋቋመው ለማኅበረሰብ ጥቅም በቆመ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕግ ነው። አክሲዮን የገዛ ሁሉ አባል ነው፤ ብዙም ይግዛ ጥቂት ድምፁ አንድ ነው። የሚተርፍ ገንዘብ ቢኖር ተመልሶ እዚያው ሥራ ላይ ይውላል።

እዚህ ላይ ጥያቄው ትልልቆቹ ኩባንያዎች ምን ነካቸው የሚለው ነው። ስግብግብ ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ሒሳቡን ማየት ግን ይሻላል። አሮጌው የመዳብ ስልክ ሽቦ የተዘረጋው ለድምፅ ነው፤ ድምፅ ደግሞ ብዙ አይጠይቅም። በዚያው ሽቦ ላይ ኢንተርኔት ሲጫን ርቀት ጠላት ሆነ። ከስልክ ማዞሪያው አንድ ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት ደህና ያገኛል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ሲደርስ ምልክቱ በመንገድ ላይ ደክሞ የሚቀረው ጭላንጭል ነው። ሽቦው ደግሞ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጠመዝማዛውን የገጠር መንገድ ተከትሎ ነው የሚዞረው። በካርታ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚመስለው በሽቦ ስድስት ይሆናል።

መዳኛው ፋይበር የሚባለው የመስታወት ክር እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቻርልስ ካዎ የተባለው መሐንዲስ እዚያው እንግሊዝ፣ ሃርሎው ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ የጠራ መስታወት ብርሃንን በረጅም ርቀት ማስተላለፍ እንደሚችል ያሳየው በ1966 ነው፤ ኖቤል የተሸለመው ግን በ2009። ዛሬ የሚመረተው መስታወት እጅግ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሣ የተላከው ብርሃን አንድ ኪሎ ሜትር ተጉዞ እንኳ 95 በመቶ ያህሉ ይደርሳል። ስለዚህ ለፋይበር አምስት ኪሎ ሜትር ምንም አይደለም። መስታወቱም ውድ አይደለም። ውዱ ቦዩ ነው።

ከተማ ውስጥ መቶ ሜትር የቆፈረ ኩባንያ በግራና በቀኝ ሃምሳ ደንበኛ ያገኛል። ገጠር ሁለት ኪሎ ሜትር ቆፍሮ የሚያገኘው አንድ ቤትና አንድ ውሻ ሊሆን ይችላል። ቁፋሮውም ብዙውን ጊዜ በመንገድ ዳር ስለሆነ የአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ አለ፤ ትራፊክ ማስቆም አለ፤ አስፋልት ቀዶ መልሶ ማልበስ አለ። በማሳ ውስጥ መሄድ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ግን ማሳው ባለቤት አለው። ኩባንያ ሲመጣበት ባለመሬቱ ኪራይ ይጠይቃል፤ ጠበቃ ይገባል፤ ወራት ያልፋሉ።

ባርን የነካው ይህን ቦታ ነው። የማለፊያ ፈቃዱን የሚጠይቀው ጎረቤት ነው፤ የሚጠየቀውም ጎረቤት ነው፤ ፈቃዱ የሚሰጠውም በነጻ ነው። ባለመሬቱ ለራሱም መስመሩን ስለሚፈልገው፣ የጎረቤቶቹንም ዓይን በየሳምንቱ ስለሚያይ፣ እምቢ ማለት ይከብደዋል። እምቢ የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ቱቦው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፤ የሰፈሩ ኮሚቴም ሌላ ደጃፍ ያንኳኳል። በእኔ ግምት የባርን ትልቁ ፈጠራ ይኸው ነው። ቴክኖሎጂው የትም የሚገዛ ነው፤ ያንን ሁሉ ፈቃድ ያለ ክፍያ መሰብሰብ ግን የትም አይገዛም። ለኛ አንባቢ በአንድ ቃል ደቦ ብለው ይበቃል፤ ልዩነቱ የሚታጨደው ገብስ አለመሆኑ ነው።

ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። ሬይ በምትባለው መንደር (በየዓመቱ በምታካሂደው የማስፈራሪያ አሻንጉሊት ፌስቲቫል ትታወቃለች) በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ከነዋሪዎቹ ጋር ሆኖ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ የሚቀባበል የገመድ አልባ ኔትወርክ ሞክሮ ነበር። ሰዉ ጥሩ ኢንተርኔት ምን እንደሚመስል ያየው ያኔ ነው። ከዚያ አካባቢ ክሪስ ኮንደር የተባለች የገበሬ ሚስት ነገሩን ይዛ አልለቅም አለች፤ ማኅበሩ ከመመሥረቱ በፊት በራሳቸው ማሳ አቋርጣ ለጎረቤት ፋይበር እስከ መዘርጋት ደርሳለች። ባሪ ፎርድ ደግሞ የኔትወርክ ሰው ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ሲሠራ የላንካሸርንና የኩምብሪያን ትምህርት ቤቶች ያገናኘውን መረብ የነደፈ። እሷ ሰዎችን አሰባሰበች፤ እሱ ንድፉን አወጣ። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይደርስም ነበር።

ገንዘቡ ከመንደሩ ኪስ ወጣ። አክሲዮን ለሕዝብ ቀረበ፤ መንግሥት ለትንንሽ ድርጅቶች ባለአክሲዮኖች የሚሰጠው የግብር ቅናሽም ጠቀመ። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን አዋጣ፤ ለቆፈረው አክሲዮን ተቆጠረለት። ኋላ ላይ መንግሥት ለገጠር ቤቶች የጊጋ ቢት ድጎማ ቫውቸር ማደል ሲጀምር ማኅበሩ እሱንም ተጠቀመ።

ቁፋሮው በ2012 ተጀመረ። ሜዳ ላይ ሥራው ፈጣን ነው፦ ትራክተር ቀጭን ማረሻ እየጎተተ መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ከኋላው ያለው ጥቅል ቱቦውን እየለቀቀ ስንጥቁ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሣሩ ላይ ጠባሳው ብዙ አይቆይም። ጥልቀቱ የእርሻ ማረሻ የማይደርስበት መሆን አለበት። ድንጋይ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ኤክስካቫተር ይጠራል፤ እሱ የማይገባበት ቦታ አካፋና ዶማ ይወጣል። ካብ ሲያጋጥም ከሥሩ ይፈለፈላል፤ ወይም ይፈርስና ቱቦው ካለፈ በኋላ ድንጋዩ እንደነበረ ይካባል፤ ለዚህ ደግሞ ካብ የሚያውቅ ሽማግሌ የግድ ያስፈልጋል። መንገድ ማቋረጥ ሲኖር ግራና ቀኝ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፍልፈል የሚሉት በአየር ግፊት የሚገፋ የብረት መሣሪያ ከአስፋልቱ ሥር ለሥር ይሰደዳል። ከአጥር ውስጥ እስከ ቤቱ ግድግዳ ያለውን ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚቆፍረው፤ አበባውን የሚነቅለውም እሱ፣ ሚስቱ ብትቆጣ መልስ የሚሰጠውም እሱ። ቁፋሮው ባለበት ኬክና ሻይ አይጠፋም፤ አንዳንዶች ደመወዛችን ኬክ ነው ብለው ይቀልዳሉ።

እስካሁን የተቀበረው ባዶ ቱቦ ነው። ፋይበሩ የሚገባው በኋላ ነው፤ በንፋስ። መጀመሪያ ትንሽ ስፖንጅ በቱቦው ውስጥ ይነፋል፤ በዚያኛው ጫፍ ብቅ ካለ መንገዱ ክፍት ነው፤ ካላለ የሆነ ቦታ ቱቦው ታጥፏል ማለት ነውና ፍለጋ ይጀመራል። ቀጥሎ ገመዱ ማሽን ላይ ይደረጋል። ጎማዎቹ ቀስ እያሉ ይገፉታል፤ ኮምፕረሰሩ የሚያስገባው አየር ደግሞ ገመዱን ከቱቦው ግድግዳ አላቅቆ ይዞት ይነጉዳል። በዚህ መንገድ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በእጅ ቢጎተት ገና መታጠፊያው ላይ ይበጠስ ነበር።

እጅ የሚፈትነው ማገናኘቱ ነው። ፋይበሩ ከነሽፋን መስታወቱ 0.125 ሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃኑ የሚያልፍበት መሃሉ ደግሞ 0.009 ሚሊ ሜትር ገደማ። ባለሙያዋ ከላይ ያለውን ላስቲክ ትገፍፈዋለች፤ መስታወቱን በአልኮል ትጠርጋለች፤ ጫፉን ቀጥ አድርጋ በመቁረጫ ትሰብራለች። ሁለቱ ጫፎች ማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ስክሪኑ ላይ ግዙፍ ሆነው ይታያሉ። ማሽኑ ያስተካክላቸውና በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያጋጥማቸዋል። አቧራ ካለ፣ አቆራረጡ ከጠመመ፣ ማሽኑ አልቀበልም ይላል፤ እንደገና ነው። ሲሳካ በብረት ዘንግ የተደገፈ ሽፋን ተጎትቶ በሙቀት ይታሸጋል። ይህን ሥራ ፈቃደኞች ራሳቸው ተምረው ሠርተውታል፤ እርሻ ውለው የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ።

ከየመንደሩ የሚሰበሰበው መስመር በየአካባቢው ወደተተከሉ ትንንሽ የመሣሪያ ቤቶች ይገባል፤ ከዚያ ማንቸስተር ይወርድና ከዓለም ይገናኛል። የማስገቢያው ክፍያ 150 ፓውንድ፣ ወርሃዊው ለብዙ ዓመታት 30 ፓውንድ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፣ ከመጋቢት 2020 ጀምሮ የብሪታንያ ሕግ ማንኛውም ቤት የመጠየቅ መብት አለው ብሎ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው፤ የባርን ፍጥነት የዚህ መቶ እጥፍ ነው። ማኅበሩ አሁን ከ10 ሺህ በላይ ደንበኞች አሉት፤ ከላንካሸር አልፎ ኩምብሪያና ዮርክሸር ገብቷል።

ሳተላይቱስ? ድሮ የነበረው ሳተላይት 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ስለሚቆም ምልክቱ ደርሶ እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጃል፤ በቪዲዮ ሲነጋገሩ ቃል መሻማት ነው። ስታርሊንክ የሚባለው አዲሱ የሳተላይት አገልግሎት 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚዞር ያ ችግር በአብዛኛው ቀርቷል። ተራራ ጫፍ ላይ ለብቻው ያለ ቤት ዛሬ ቢጠይቀኝ ሳህኑን ስቀል፣ አካፋውን ተወው እለዋለሁ። አርባና ሃምሳ ቤት ያለው ሸለቆ ግን አሁንም ቦዩ ያዋጣዋል፤ አንዴ የተቀበረ ፋይበር ዳርና ዳር ያለው መሣሪያ ብቻ እየተቀየረ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ሰማይ ላይ ያለውን ግን ጎረቤትም ዓለምም ይጋራዋል።

ባርንን ተረት አድርገው የሚያወሩ አሉ፤ እኔ ግን ሁሉም መንደር ይችለዋል አልልም። እዚያ ጊዜ ያላቸው ጡረተኞች፣ ትራክተር ያላቸው ገበሬዎች፣ አክሲዮን የሚገዛ ቁጠባ፣ ቅርብ ዩኒቨርሲቲና አንድ ጥሩ መሐንዲስ ነበሩ። በኪራይ ቤት የሚኖር ወይም ሁለት ሥራ የሚሮጥ ሰው ቅዳሜን ቦይ ውስጥ አያሳልፍም። ሌላው ጉድለት መብራት ነው። አሮጌው የመዳብ ስልክ ኃይሉን ከማዞሪያው ያገኝ ስለነበር መብራት ሲጠፋም ይደውል ነበር። ፋይበር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር የለውም፤ ራውተሩ ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል። በኅዳር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል የሰሜን እንግሊዝንና የስኮትላንድን ብዙ ቤቶች ለቀናት ያለ መብራት ሲያስቀር ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ታየ። ባትሪ ወይም ጄኔሬተር የሌለው የገጠር ቤት አስተማማኝ ኢንተርኔት አለኝ ማለት አይችልም።

የእንግሊዝ መንደሮች አንድ ሌላ ነገር ነበራቸው፤ ሕጉ። እዚያ ከ2003 ጀምሮ የኢንተርኔት መስመር ለመዘርጋት የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፤ አጠቃላይ ደንቡን ማክበር ይበቃል። በኢትዮጵያ አገልግሎቱን መስጠት የሚፈልግ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ስለዚህ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ተነሥተው ቦይ ቢቆፍሩ ሥራቸው ያለ ፈቃድ ከቱቦ አያልፍም። ፋይበሩ ራሱ ግን እንደሚታሰበው ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከፍተኛ መስመሮች አናት ላይ የሚሄደው የመብረቅ መከላከያ ሽቦ በብዙ ቦታ በውስጡ ፋይበር ይዟል፤ የቴሌኮም ኩባንያዎችም ይከራዩታል። ሽቦው በማሳዎችና በጎጆዎች አናት ላይ ከማማ ወደ ማማ እየዘለለ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ገበሬ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ይዞ ጉብታ ላይ ይወጣል።