ስለ ባሕር ዛፍና ስለ ከብት መሰማሪያ በብቸናና በሞጣ አውራጃ

የአብርሃምና የሎጥ እረኞች የተጣሉት ምድሪቱ ለከብቶቻቸው ስላልበቃች መሆኑን ሊቃውንት አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ያለው ክርክር ግን የእረኛና የእረኛ ሳይሆን የእረኛና የዛፍ ነው።

ባሕር ዛፍ ከአውስትራልያ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ ማገዶ ባጣች ጊዜ ከመነቀል ያዳናት እርሱ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ውሃ ያደርቃል ተብሎ በ1905 ዓ.ም. ከሦስት ሁለቱ እጅ እንዲነቀል ታዝዞ ነበረ ፤ ትእዛዙ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ባላገሩስ ስለ ምን ይነቅለዋል? ቢቈረጥ ከጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል ፤ ቅጠሉን ከብት አይበላውም ፤ እኽል በጠፋበት ዓመት አጣናው ተሽጦ ማዳበሪያና የልጅ ደብተር ይገዛል።

ይሁን እንጂ የብቸና ምድር የታወቀው በጤፍ ነው ፤ ጤፍም ያለ በሬ አይታረስም ፥ በሬም ያለ ሣር አይቆምም። ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለ ባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደ ልቡ አይበቅልም። መስኩ በዛፍ በተያዘ ጊዜ ገንዘቡ ለተካዩ ፥ የሣሩ እጦት ግን ለመንደሩ ሁሉ ይሆናል ፤ ይልቁንም አንዲት ላም ብቻ ያላት መበለት ከወል መስክ በቀር ወዴት ትነዳለች?

ከብቱን ንጹሕ አድርገን ዛፉን ብቻ ብንከስ ደግሞ ፍርድ ይጓደላል። ሙጋና ሱሃ የሚፈልቁበት ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ አስታውና ጓሳው የተመናመነው በእርሻና በልቅ ግጦሽ ነው።

በሰሜን አውሮፓ የሳሚ ሰዎች አጋዘን የሚመስል ሬንዲር የሚባል እንስሳ ያረባሉ ፤ እርሱም በክረምት ካረጀ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ሽበት ይበላልና ግንዱ ለመጋዝ ሲወድቅ ይራባል። ስለዚህ የስዊድን የደን ሕግ ዓመቱን ሁሉ መሰማሪያ በሆነው ምድር ዛፍ ሳይቈረጥ ከእረኞቹ ጋር ምክር እንዲደረግ ያዛል። ሩቅ አገር መሄድም አያሻንም ፤ የመንዝ ሰዎች የጓሳን ምድር በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጉ ፥ በቀጠሮ እየከፈቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት ለብዙ ዘመን ጠብቀውታል።

እንግዲህ ባሕር ዛፉ ከምንጭ ርቆ በገደላገደሉና ለእርሻ በማይሆነው ቦታ ይተከል ፤ በመስኩ ዳር ግን ከብት የሚበላው ትሪ ሉሰርን ይሻላል ፥ ሣሩም እየታጨደ ለከብቱ ይቅረብ። የዋንዛና የወይራ ዘር የሚገኘው በየደብሩ ቅጥር ነውና ፥ የቅጥሩን ዳር በባሕር ዛፍ የሚያጥሩ ካህናትም ይህን ያስቡበት። ችግኙ የሚተከለው በሐምሌ ነው ፤ የቀበሌው ሹም እረኞቹንና ተካዮቹን አንድ ላይ መስማት ያለበት ግን በግንቦት ፥ ጕድጓዱ ሳይቈፈር ነው።