ፕሮሰሰር ኦቨርክሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቪዲዮ ኤዲት ስታደርጉ ወይም ጌም ስትጫወቱ ኮምፒውተራችሁ እየተንቀራፈፈ አስቸገራችሁ? "ኦቨርክሎክ አድርጉት" የሚል ምክር ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ሳያውቁ ከነኩት ዕቃው ይበላሻል። ዓለም ከተማ ላለ ሰው ደግሞ የተቃጠለ ፕሮሰሰር ምትክ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ሊያስኬድ ይችላል። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

🔹 ምንድን ነው?
የፕሮሰሰር ፍጥነት በጊጋኸርዝ ይለካል። 4 ጊጋኸርዝ ማለት በሰከንድ 4 ቢሊዮን ምት ነው። ይህ የሚገኘው መነሻ ፍጥነቱ (አብዛኛውን ጊዜ 100 ሜጋኸርዝ) በ40 ሲባዛ ነው። ኦቨርክሎክ ማድረግ ማለት ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማባዣውን 41፣ 42 እያሉ ከፍ ማድረግ ነው።

🔹 የኔ ይሆናል?
እውነቱን እንነጋገር፦ ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ዴስክቶፖች በአብዛኛው ማባዣቸው የተቆለፈ ነው። ከኢንቴል፣ ስማቸው መጨረሻ ላይ "ኬ" ያለባቸው "ዜድ" ማዘርቦርድ ላይ፤ ከኤኤምዲ፣ አብዛኞቹ ራይዘኖች "ቢ" ወይም "ኤክስ" ማዘርቦርድ ላይ ይፈቅዳሉ። ላፕቶፕ ላይ ባትሞክሩት ይሻላል።

🔹 አደጋው የቱ ጋ ነው?
ቮልቴጅና ሙቀት ላይ። ቮልቴጅ በ10 በመቶ ሲጨምር ፍጥነቱ ባይቀየር እንኳ የሚበላው ኃይል በ20 በመቶ ገደማ ያድጋል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። "እኛ ጋ ደጋ ነው፣ አይሞቅም" ብላችሁ አትዘናጉ። ዓለም ከተማ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል።

በ2024 እ.ኤ.አ. ኢንቴል ራሱ የ13ኛና 14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ እየተጎዱ መሆኑን አምኖ ማስተካከያ ለቋል፣ ዋስትናቸውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። ሠሪው የተቸገረበትን ቮልቴጅ እኛ በግምት አንነካካውም።

🔹 እንዴት እንጀምር?
1. አቧራውን አጽዱ፤ ቴርማል ፔስቱ ከደረቀ ቀይሩ።
2. ሙቀቱን በኮር ቴምፕ እዩ። ሥራ ላይ እያለ ገና ሳትነኩት 80 ዲግሪ ካለፈ ነገሩን ተዉት።
3. የባዮሱን ሴቲንግ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።
4. ማባዣውን በ1 ብቻ ጨምሩ። ከዚያ ሲኒቤንችን ለ30 ደቂቃ አስኪዱ፤ ሙቀቱ 85 ከደረሰ አቁሙ።
5. ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ወደ ኋላ መልሱ። ጭራሽ አልነሳም ካለ ከሶኬት ነቅላችሁ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጧት፤ ብዙ ጊዜ ባዮሱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።
6. መብራት በሚቆራረጥበት ያለ ዩፒኤስ ባዮስ አፕዴት እንዳታደርጉ። መሃል ላይ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

🔹 ተቆልፎ ከሆነስ?
አትከፉ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና ራም መጨመር ለአሮጌ ኮምፒውተር ከኦቨርክሎክ የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ አደጋውም ያነሰ ነው።

አዲስ ዕቃ ከሆነ ዋስትናው ሊቀር እንደሚችል አትርሱ። ዴስክቶፕ ላለው ጓደኛችሁ ሳይነካካው በፊት ሼር አድርጉለት!